ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሳንቲሙ ግን አላማረኝም፦ ሞርጋን 1893 ኤስ ልግዛ ወይስ ልተው?

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳብሰለስለው የቆየሁት ነገር ነው። ኦንላይን ላይ አንድ ሰው ሞርጋን ዶላር የሚባለውን የዱሮ የአሜሪካ ብር እየሸጠ ነው፣ 1893፣ ከጀርባው ኤስ ያለበት ማለትም ሳን ፍራንሲስኮ የታተመው። ፒሲጂኤስ በሚባለው ሳንቲም መርምሮ ደረጃ (ግሬድ) በሚሰጥ ድርጅት ስላብ ውስጥ ማለትም ጠንካራ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ታሽጎ ነው ያለው። ሰርተፊኬት ቁጥሩን ድርጅቱ ዌብሳይት ላይ አስገብቼ ቼክ አደረግኩት፣ ልክ ነው፣ ዓመቱም ግሬዱም ይገጥማል። ዋጋው ግን ሌላው ሰው ከሚጠራው ግማሽ አይሞላም። ለምን ረከሰ ስለው «የአያቴ ስብስብ ነው፣ እኔ ስለ ሳንቲም የማውቀው ነገር የለም፣ ገንዘብ ስላስቸኮለኝ ነው» አለኝ። እስከ ነገ ማታ ካልከፈልክ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው ብሏል ደሞ።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ ምንድነው የምፈራው? ወይስ ዝም ብዬ ነው የማካብደው? በዚያ ላይ ከዚህ በፊትም ኦንላይን አንድ ትሬድ ዶላር፣ ሌላ የዱሮ የአሜሪካ ብር፣ ገዝቻለሁ፣ በጣም የሚያምር ነው፣ ምንም አልሆንኩም።

ጠርዝ አያለሁ፦
አትክፈል ወንድሜ።

ቁጥሩ ልክ ነው ማለት ያ ቁጥር የተሰጠው እውነተኛ ሳንቲም የሆነ ቦታ አለ ማለት ብቻ ነው። ሻጩ እጅ ያለው እሱ ራሱ ነው ማለት አይደለም። ፎርጅድ ስላብ የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር ከጭንቅላታቸው አይፈጥሩም፣ ከሌላ ሰው የሽያጭ ፎቶ ላይ ነው የሚገለብጡት፣ ስለዚህ ስታስገባው ሁሌም ይመታል፣ እንዲመታ ብለው እኮ ነው። አሁን የምታደርገው ይኸውልህ፣ ድርጅቱ ዌብሳይት ላይ የዚያ ቁጥር ሳንቲም ፎቶ ካለ (ሁሉም የላቸውም) አውጣውና ከሻጩ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ጭረቱን አስተያይ። ፊት ገጹ ላይ ያለችው ሴትዮ ጉንጭ ላይ፣ ከአፍንጫዋ ፊት ያለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከጀርባው ደሞ የንስሩ ደረት ላይ። ሁለት ሞርጋን እዚያው ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖራቸው አይችልም።

የሳቅ ሰው፦
«የአያቴ ስብስብ» ሃሃሃ። የዚህ ሰውዬ አያት ስንት ናቸው? ባለፈው እኔንም 1804 ዶላር ሊሸጡልኝ ነበር። በዓለም ላይ የሚታወቀው ሃያ እንኳ አይሞላም፣ አንዱ ደሞ አያቱ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

አሮጌ ብር፦
ልጄ፣ 1893 ኤስ ብዙ ሰው ያለቀሰበት ሳንቲም ነው። የታተመው 100,000 ብቻ ነው፣ ከመደበኛዎቹ ሞርጋኖች ሁሉ ትንሹ ቁጥር እሱ ነው፣ ለዚያ ነው አስመሳዩ የበዛው። ግን ደግሞ አንድ የሚያግዝህ ነገር አለ። የፊት ገጹ የተመታው በአንድ ማተሚያ ማህተም ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛ የሆነ ሁሉ ያ ማህተም የነበረበትን እንከን ተሸክሞ ነው የሚወጣው።

ሴትየዋ ግንባር ላይ ያለውን ዘውድ ፈልገህ «ሊበርቲ» የሚለውን ጽሑፍ አግኝ። ቲ የሚለው ፊደል አናት ላይ፣ ፊደሉ ውስጥ፣ በጣም ቀጭን ሰያፍ መስመር ትታያለች፣ የተቧጨረች ሳትሆን ከፍ ያለች መስመር ናት። አር የሚለው ፊደል ግራ እግሩ ላይም ትንሽ ጉብ ያለ ነገር አለ። በ10 እጥፍ ማጉያ ታያታለህ። በጣም ያለቀ ሳንቲም ላይ ልትጠፋ ትችላለች፣ ግሬዱ ከፍ ያለ ሆኖ ቲ ላይ ምንም ከሌለ ግን ሌላ ጥያቄ አትጠይቅ።

ምክንያቱም ብዙው አስመሳይ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ እውነተኛ 1893 ፊላደልፊያ የታተመውን፣ ምልክት የሌለውን ይገዛና ከጀርባ፣ ከአበባ ጉንጉኑ ማሰሪያ በታች፣ ዶላር ከሚለው ቃል በላይ፣ ኤስ ይለጥፍበታል። ብሩ እውነተኛ ነው፣ ክብደቱ እውነተኛ ነው፣ ጠርዙ እውነተኛ ነው። ሚዛንም ካሊፐርም (የስፋት መለኪያ) አያወጡህም። የፊቱ ማህተም ግን የሌላ ነውና ቲዋ ታጋልጠዋለች። ኤሷን ራሷን ደግሞ ከሥሯ እያት፣ አብራ የተመታች ፊደል ከሜዳው ላይ እንደበቀለች ሆና ነው የምትነሳው፣ የተለጠፈች ዙሪያዋን ቀጭን ጥቁር መስመር ወይም የሙጫ ርዝራዥ ይኖራታል።

ሻጩን የሊበርቲን ቅርብ ፎቶ ጠይቀው። ሌላ ነገር አትናገር፣ ለምን እንደፈለግክም አትንገረው።

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄንን የትም አላየሁትም። አሁኑኑ እጽፍለታለሁ።

ማግኔቱ፦
ምን ያስጨንቃችኋል ግን? እኔ ማግኔት አስጠጋለሁ፣ ከያዘ ፌክ ነው ካልያዘ ብር ነው አለቀ። አምስት ዓመት እንዲህ ነው የምሠራው።

ሚዛን አትዋሽም፦
አምስት ዓመት ሙሉ የገዛኸውን ሁሉ አምጣና እንመዝንልህ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ።

ማግኔት የሚይዘው በዋናነት ብረትና ኒኬል ነው። ነሐስ አይዝም፣ መዳብ አይዝም፣ እርሳስ አይዝም፣ 75 በመቶ መዳብ ሆኖ ኒኬል የተቀላቀለበትም አይዝም፣ አብዛኛው ፎርጅድ የሚሠራው ደሞ ከነዚሁ ነው ላዩ ብር ተቀብቶ። ማግኔት ላይ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል የሚሉትም እውነት ነው፣ ጠንካራ ማግኔት ሰያፍ አድርገህ ብር ብታንሸራትትበት ይዘገያል፣ ግን መዳብም ይዘገያል። ማግኔት አንዳንዴ አንድ ሳንቲም ይጥልልሃል እንጂ አያጸድቅልህም።

በጣም የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፣ የ1943 የአሜሪካ አንድ ሳንቲም። የዚያን ዓመት መዳብ ለጦርነቱ ተፈልጎ በዚንክ ከተለበጠ ብረት ነው የሠሩት፣ በስህተት በመዳብ የተመቱት ጥቂቶቹ ብርቅ ናቸው። አጭበርባሪው ብረቱን መዳብ ይቀባና ይሸጥልሃል። እዚህ ጋ ማግኔት ከያዘው አለቀ። ሚዛንም ይለየዋል፣ ብረቱ 2.70 ግራም ነው መዳቡ 3.11።

ለብር ግን ሚዛንና ውሃ ነው። 0.01 ግራም ድረስ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ግዙ። መጀመሪያ ሳንቲሙን ደረቁን መዝነው፣ ሞርጋን 26.73 ግራም ነው፣ ስፋቱ 38.1 ሚሊሜትር። ያለቀ ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል፣ ያ ችግር የለውም፣ ችግሩ ትናንት ከማተሚያ የወጣ መስሎ እያብለጨለጨ አንድ ግራም ሲጎድል ነው። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠህ ዜሮ አድርገው፣ ሳንቲሙን በቀጭን የስፌት ክር እሰርና ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው፣ ታችም ጎንም ሳይነካ፣ አረፋም እንዳይዝ። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ሳንቲሙ የያዘው ቦታ ነው። የደረቁን ክብደት በሱ አካፍል፣ የሚወጣው ጥግግቱ ነው። ሞርጋን ከሆነ ውሃው ውስጥ 2.59 አካባቢ ያነባል፣ 26.73 ሲካፈል 10.3 ይሰጥሃል። ንጹህ ብር 10.49 ነው፣ መዳብ 8.96፣ ነሐስ 8.5 አካባቢ፣ እርሳስ 11.34። 8.9 ካገኘህ ብር አይደለም፣ ማንም ምንም ቢልህ።

ሲጨርሱ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያሉ ማድረቅ ነው፣ መፈግፈግ የለም፣ ስፈገፍግ ያበላሸሁትን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ወርቅ አሳዳጅ፦
ወርቅ ላይ ውሃው ብቻውን አይበቃም ለማለት ነው፣ ተንግስተን የሚባለው ብረት ጥግግቱ 19.25 ነው ወርቅ 19.32፣ ውስጡን በሱ ከሞሉት ያው ነው ቁጥሩ። ደግነቱ ሶቨሪንና ክሩገርራንድ የሚባሉት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲሞች 22 ካራት ስለሆኑ ጥግግታቸው ከዚያ ያንሳል፣ ስፋታቸውና ክብደታቸውም የታወቀ ነው፣ ሶቨሪን 7.99 ግራም 22.05 ሚሊሜትር፣ ክሩገርራንድ 33.93 ግራም። ሁለቱም ባንድ ላይ ካልገጠመ ወይ ወፍሯል ወይ ቀሏል።

ጥያቄ አለኝ፦
ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና ማርያ ቴሬዛ ላይስ? «1780 ኦሪጅናል፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን» እያሉ የሚሸጡት ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ላይ 1780 ነው ያለው።

አሮጌ ብር፦
አልወጣሽም እህቴ፣ ይሄ እንዲያውም የሚያስተምር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ራሷ የሞተችው በ1780 ነው፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የቀጠለው፣ ምክንያቱም የሚገበያየው ሕዝብ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ስለነበር። ቪየና ዛሬም ይመታል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሮምም ለንደንም ፓሪስም ብራስልስም ቦምቤይም መትተውታል። ስለዚህ 1780 ማለቱ ስለ እድሜው ምንም አይነግርሽም። እውነተኛ ብር ነው፣ በመንግሥት ማተሚያ ቤት የተመታ ነው፣ ፎርጅድ አይደለም፣ ግን ያንን ይዞ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ማለት ውሸት ነው። ሳንቲሙ ሳይዋሽ ሻጩ የሚዋሽበት እንዲህ ነው።

ፎርጅዱም ደግሞ አለ። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ከሺህ 833ቱ ብር። ጠርዙ ላይ ጥርስ የለውም፣ ከፍ ብሎ የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ ነው ያለው፣ «ፍትሕና ምሕረት» እንደማለት ነው፣ በመካከሉ ጌጥ ጌጥ እያለ። አስመሳዮቹ ጠርዝ ላይ ይሰንፋሉ። ወይ ጽሑፉ ደብዝዞ የቀለጠ ሻማ ይመስላል፣ ወይ ዙሪያውን አንድ የስፌት መስመር ትሄዳለች፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ለመሆኑ ምስክር ናት። ጠርዙን ሳያሳይሽ ለሚሸጥ ሰው አትክፈዪ።

ጠርዝ አያለሁ፦
ጋሼ ስሜን ጠሩት! እኔ ፎቶ ስጠይቅ መጀመሪያ ጠርዝ ነው። ሁለተኛ ሳንቲሙ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ እየታየ። ሦስተኛ እኔ የነገርኩትን ቃል ወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ ከሳንቲሙ አጠገብ አስቀምጦ፣ የዛሬው ፎቶ መሆኑን እንዳውቅ። በተለይ ሦስተኛው ላይ ስንቱ ሻጭ እንደሚጠፋ ብታዩ። የለጠፈውን ፎቶም በምስል ፍለጋ አስገቡት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጨረታ ላይ የተሸጠ ሳንቲም ፎቶ ሆኖ ይገኛል። ደሞ አጭር ቪዲዮ ጠይቁ፣ መብራት ስር እያዟዟረ። ያልተነካ የተመታ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኮራኩር ከመሀል ወደ ዳር ይሽከረከራል፣ ቅልጥ ፈስሶ የተሠራው ላይ ግን ብርሃኑ ባለበት ይቆማል፣ ሳሙና ይመስላል።

ክፍያውን ከድረገጹ ውጪ እናድርገው ካለህ ደሞ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግህም።

የተቃጠለ፦
የኔን ልንገራችሁ ለሌላው ይሁን። 1914 ዲ የሚባለውን፣ ዴንቨር የታተመውን የአሜሪካ የሊንከን አንድ ሳንቲም ገዛሁ፣ ስላብ የሌለው። መዘንኩት፣ 3.11፣ ልክ። ለካኩት፣ ልክ። ማግኔት፣ አልያዘም። ፈነጠዝኩ። አንድ ወር ሙሉ ለመጣ ሰው ሁሉ ሳሳይ ከርሜ አንድ ወዳጄ መጥቶ ማጉያ ሳያወጣ በዓይኑ ብቻ «ይሄ እኮ 1944 ነው» አለኝ።

ለካስ የመጀመሪያዋን 4 ቀርጸው 1 አድርገዋታል። 19 እና 14 መሀል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፣ እውነተኛው ላይ ቁጥሮቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ይባስ ብሎ ደሞ የሊንከን ትከሻ ሥር የቀራጩ ስም መነሻ ፊደሎች፣ ቪ.ዲ.ቢ. የሚሉት፣ ቁጭ ብለዋል። እነዚያ ፊደሎች በ1909 ተነስተው ትከሻው ላይ የተመለሱት በ1918 ነው፣ ስለዚህ 1914 ላይ ሊኖሩ አይችሉም። ሦስቱን ፊደል በየቀኑ አያቸው ነበር እኮ! የቀን ቁጥሯን ብቻ ነበር የማየው። ሻጩ ጋ ስጽፍ አካውንቱ የለም።

የሳቅ ሰው፦
ያለ ማጉያ! ያንን ወዳጅህን ብድር አበድረን።

አሮጌ ብር፦
የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሙዚየሞችም ተሸውደዋል። ቤከር የሚባል ጀርመናዊ ነበር፣ በ1830 ነው የሞተው፣ የጥንት ግሪክና ሮማ ሳንቲም አስመስሎ ማህተሙን በእጁ እየቀረጸ ይመታ ነበር። አዲስነታቸው እንዳያጋልጠው የብረት ፍቅፋቂ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይከታቸውና ሳጥኑን ሠረገላው ሥር አስሮ መንገድ ለመንገድ ያንገጫግጫቸዋል፣ ሲመለስ አርጅተው ይመለሳሉ። ማህተሞቹ ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የሱ ሥራ ራሱ አሁን ሰብሳቢ አለው፣ የቤከር ፎርጅድ ፎርጅድ እንዳይሸጡላችሁ ደሞ ተጠንቀቁ እንግዲህ።

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ተመልሻለሁ። ሻጩ መጀመሪያ «ፎቶው በቂ ነው» አለ። ሁለተኛ ስጠይቀው ስላቡ ብርሃን እያንጸባረቀ አያስነሳም አለ። ሦስተኛ ላይ አንድ ላከልኝ፣ ብዥ ያለ ነው፣ ግን ቲዋ ላይ ምንም የለም፣ ልሙጥ ናት፣ ግሬዱ ከፍ ያለ ስለሆነ መታየት ነበረባት። ከዚያ የጠርዝ አያለሁን ምክር ይዤ ዌብሳይቱ ላይ ያለውን ፎቶ አወጣሁ። እውነተኛዋ ጉንጯ ላይ ከአፏ ትንሽ ከፍ ብሎ አጭር ጭረት አላት፣ የሻጩ ላይ ያ የለም፣ አገጯ ላይ ነው ያለው። ሌላ ሳንቲም ነው በቃ። ስላቡንም ከሌላ ጋር ሳስተያየው ሌብሉ ላይ ያለው የፊደል ውፍረት አንድ አይደለም።

ይሄን ስነግረው «አታውቅም፣ ባለሙያ አይደለህም» አለኝ። ቅድም እኮ እሱ ነበር ስለ ሳንቲም አላውቅም ያለው።

ጠርዝ አያለሁ፦
ተገላገልክ። ፖስቱን ለድረገጹ ሪፖርት አድርግ፣ ለፒሲጂኤስም ቁጥሩን አሳውቃቸው።

ሚዛን አትዋሽም፦
ደስ ብሎኛል። አሁን ያን «ምንም አልሆንኩም» ያልከውን ትሬድ ዶላር ሚዛን ላይ አውጣልን።

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ኧረ እሱ ደህና ነው እህቴ፣ ማግኔትም አልያዘውም፣ ጥቁረቱ ራሱ የዱሮ መሆኑን ይመሰክራል።

ሚዛን አትዋሽም፦
ጥቁረቱን ተወው፣ እሱ ይቀባል። ትሬድ ዶላር ከ1873 ጀምሮ ለእስያ ንግድ ተብሎ የተሠራ ነው፣ አሁን በብዛት ከሚመሰሉት የአሜሪካ ብሮች አንዱ ነው። 27.22 ግራም መሆን አለበት። ጀርባው ላይ ራሱ ክብደቱ ተጽፏል እኮ፣ 420 ግሬይን ይላል፣ ያ 27.22 ማለት ነው። የትኛው ሳንቲም ነው ኪሎውን ጀርባው ላይ ጽፎ የሚዞር?

ጥያቄ አለኝ፦
ዝምምም...

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
እሺ። ሚዛኑ ዛሬ ደረሰልኝ። መጀመሪያ 24.61 አለ፣ አላመንኩም አጥፍቼ አበራሁት፣ 24.61። የተበላሸ ሚዛን ነው ብዬ 100 ግራም መሞከሪያዋን አስቀመጥኩ፣ 100.00። ከዚያ ብርጭቆውን አመጣሁ፣ ክሩ ሁለቴ አመለጠኝ፣ ሦስተኛው ላይ 2.77 አነበበ። አካፈልኩት፣ 8.88።

ጥቁሩም ውሃው ውስጥ ገባ፣ ክሩ ግራጫ ሆኗል።

ሚዛን አትዋሽም፦
አይዞህ። ሁላችንም አንድ አለን፣ የኔ ሁለት ናቸው። መቼ ነበር የገዛኸው? የመመለሻ ጊዜው ካላለፈ የሚዛኑን ፎቶ ይዘህ ዛሬውኑ ክስ ክፈት።

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ሰባት ወር አልፎታል። አስተያየቱ ላይ አምስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ ደሞ፣ «እምነት የሚጣልበት ሻጭ» ብዬ።

አሮጌ ብር፦
እንግዲህ ልጄ አትሽጠው፣ ስጦታም አትስጠው። ማጉያ ሥር አድርገው ከእውነተኛው ፎቶ ጋር እያስተያየህ ተማርበት። ጠርዙ ላይ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ ወይስ ይንጋደዳሉ?

ጀማሪ ሰብሳቢ፦
ይንጋደዳሉ ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይማ ሁለቱ ተጣብቀዋል። ጠፍጣፋ ከረጢት ውስጥ ከትቼ «ኮፒ» ብዬ በማርከር ጽፌበታለሁ። ሌሎች 11 ብሮች አሉኝ፣ ሁሉም ኦንላይን የተገዙ። አራተኛው ላይ ነኝ፣ እስካሁን ሦስቱ ገጥመዋል፣ ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ልቀይርና እመለሳለሁ።